የዱር እንስሳት ጥበቃ ላይ በበጎ ፈቃድ መሥራት፦ ከቡራዩ ሆኜ የት ልጀምር?

የቡራዩዋ

ሰላም ለሁላችሁም። የምኖረው ቡራዩ፣ ከታ አካባቢ ነው። ዓምና በባዮሎጂ ተመርቄያለሁ። ቋሚ ሥራ ገና አላገኘሁም። ጠዋት የእናቴን ሱቅ እከፍታለሁ፤ ከሰዓት በኋላና ቅዳሜ ነፃ ነኝ።

ከልጅነቴ ጀምሮ የምመኘው የዱር እንስሳት ጥበቃ ላይ መሥራት ነው። ሰሞኑን ፌስቡክ ላይ አንድ ማስታወቂያ አየሁ። ደቡብ አፍሪካ ሄዳችሁ የአንበሳ ደቦሎችን በጡጦ ታጠባላችሁ፣ ታሳድጋላችሁ፣ ሲያድጉ ወደ ጫካ ይመለሳሉ ይላል። ለሁለት ሳምንት ከሁለት ሺህ ዶላር በላይ ይጠይቃሉ። አክስቴ አሜሪካ ናት፤ አጥብቄ ብለምናት ትከፍልልኛለች።

ግን እሷን ወጪ ውስጥ ከመክተቴ በፊት እናንተን ልጠይቅ። ይሄ ነገር እውነተኛ ጥበቃ ነው? እዚሁ አዲስ አበባ ዙሪያስ በበጎ ፈቃድ የሚሠራ ነገር አለ? ምን ተዘጋጅቼ ልሂድ? እጁን አስገብቶ የሠራ ሰው ቢመልስልኝ ደስ ይለኛል።

ወጨጫ ሥር

እህቴ፣ የአክስትሽን ገንዘብ አታስወጪ።

እኔ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። መናገሻ አካባቢ ነው የምሠራው። ቀን ቀን ላም፣ በግና አህያ አክማለሁ። ከዚያ በተረፈኝ ጊዜ ደግሞ ከተማሪነቴ ጀምሮ የዱር እንስሳት ሥራ ላይ በበጎ ፈቃድ ቆይቻለሁ። ስለዚህ የማውቀውን ልንገርሽ። ረዘም ይላል፤ ታገሺኝ።

መጀመሪያ ደቦሎቹን። የአንበሳ ደቦል ሁለት ዓመት ገደማ እስኪሆነው ከእናቱና ከመንጋው ጋር ይኖራል። ማደን የሚማረው እዚያ ነው፤ ሰውን መሸሽም እዚያ ነው የሚማረው። በጡጦ ያደገና ሰው ሲያቅፈው የከረመ አንበሳ ወደ ጫካ አይመለስም። ማደን አያውቅም፣ ሰውንም አይፈራም። ቢለቀቅ የመጀመሪያው ሥራው ወደ መንደር መምጣት ነው። እንዲህ ባሉ ብዙ ቦታዎች ደቦሎቹን በተወለዱ በቀናት ውስጥ ከእናታቸው ይነጥቃሉ። ምክንያቱም እናቲቱ ማጥባት ስታቆም ቶሎ ትፀንሳለች፣ ለሚቀጥለው ጎብኚ ሌላ ደቦል ይደርሳል። ለማቀፍ ሲተልቁስ? አጥር ውስጥ ገንዘብ ለከፈለ አዳኝ የቀረቡ አሉ። አጥንታቸው ወደ እስያ የተሸጠም አሉ። የደቡብ አፍሪካ መንግሥት ራሱ በ2021 እ.ኤ.አ. አንበሳን በአጥር ውስጥ ለንግድ ማርባትን ለማስቆም መወሰኑን አስታውቋል። ነገሩ እዚያ ድረስ የደረሰ ነው።

በእርግጥ እናት የሞተችባቸውን ግልገሎች በጡጦ የሚያሳድጉ እውነተኛ ማገገሚያዎች አሉ። እዚያ ግን ጡጦውን የሚይዘው አንድ ወይም ሁለት የሠለጠነ ሰው ብቻ ነው። ለሁለት ሳምንት የመጣ እንግዳ አያስነኩም። አንቺም ከዚህ ተነስተሽ መለየት ትችያለሽ፤ ግልገል አቅፈሽ ፎቶ እንድትነሺ የሚጋብዝሽ ቦታ ላይ ጥበቃ የለም።

አሁን ወደ ሰፈርሽ እንምጣ። ሆለታ አጠገብ፣ ከአንቺ ቤት በአምቦ መንገድ ብዙም ሳትርቂ፣ እንሰሳ ኮቴ የሚባል ማዕከል አለ። ቦርን ፍሪ የተባለው ድርጅት ከመንግሥት የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ጋር የሚሠራበት ቦታ ነው። ስፋቱ 77 ሄክታር ነው። ከሕገወጥ ነጋዴ የተያዙ አቦሸማኔዎች፣ በሰው እጅ ያደጉ አንበሶች፣ ታስረው የኖሩ ጦጣዎች መጠጊያቸው እዚያ ነው። አቦሸማኔ ከእኛ አገር በሶማሌ በኩል ተሰርቆ እየወጣ ወደ ዐረብ አገሮች ለቤት ማሳመሪያ እንደሚሸጥ ሰምተሽ ይሆናል። መንገድ ላይ ከተያዙት አንዳንዶቹ እዚህ ናቸው። መጀመሪያ እንደ ጎብኚ ሂጂ። ግን ሳትደውዪ፣ ሳታስፈቅጂ እንዳትሄጂ፤ መካነ አራዊት አይደለም።

እንዲህ ያለ ማገገሚያ ውስጥ የበጎ ፈቃደኛ ቀን ምን እንደሚመስል ልንገርሽ፣ ሰው ስለዚህ አይጽፍም። ካሮትና ጎመን ትከትፊያለሽ። የውኃ ገንዳ ትፈገፍጊያለሽ። በክረምት ጭቃ ውስጥ ቆመሽ ሣር ታጭጃለሽ፣ አጥር ላይ የወደቀ ቅርንጫፍ ታነሻለሽ። ከሩቅ ተቀምጠሽ አንዲት ጦጣ በየአሥር ደቂቃው ምን እያደረገች እንደሆነ በቅጽ ላይ ትሞያለሽ። በላች፣ ተቀመጠች፣ ጓደኛዋን ቀመለች፣ ዞር ዞር አለች። አሰልቺ ሊመስልሽ ይችላል። ይህቺ ጦጣ ከመንጋ ጋር ልትለቀቅ ትችላለች ወይስ አትችልም የሚለው የሚወሰነው ግን ከዚያ ቅጽ ነው። እንስሳውን አትነኪም። የእኛ ጉንፋን፣ የእኛ ሳንባ ነቀርሳ ለጦጣ ይተላለፋል። የእነሱም ለእኛ ይተላለፋል።

ሌላው በጣም የምወደው ሥራ የውሻ ክትባት ነው። ውሻ ከዱር እንስሳ ጋር ምን አገናኘው ትዪ ይሆናል። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የቀረው አዋቂ ብዛቱ ከ500 በታች ነው፤ ሁሉም ኢትዮጵያ ውስጥ ነው፤ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው። ይህን እንስሳ በተደጋጋሚ የጨፈጨፈው ጥይት አይደለም። ከእረኛ ጋር ወደ ደጋው የወጣ ውሻ ይዞት የሄደው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በ2003፣ በ2008ና በ2014 እ.ኤ.አ. ባሌ ላይ ወረርሽኝ ነበር። በሽታው የገባበት አካባቢ ከአራት ቀበሮ ሦስቱ የሞቱበት ጊዜ አለ።

ተማሪ ሳለሁ ባሌ የክትባት ዘመቻ ላይ ነበርኩ። ክትባቱን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ ለመጠበቅ የበረዶ ሳጥን ተሸክመን ከመንደር መንደር እንሄዳለን። ልጆች ውሻቸውን በገመድ እየጎተቱ ይመጣሉ። መርፌው ራሱ ሁለት ሰከንድ ነው። ጊዜ የሚወስደው አባትየው ነው። «ይሄ መርፌ ውሻዬን ያደነዝዝብኛል፤ ጅብ ሲመጣ አይጮህም» ይላል። እውነቱን ነው የሚጨነቀው፤ በጎቹን የሚጠብቅለት እሱ ውሻ ብቻ ነው። ተቀምጠሽ ትሰሚዋለሽ። ቡና ከተፈላ ትጠጫለሽ። ዓምና የተከተበ የጎረቤቱን ውሻ ታሳዪዋለሽ፤ ሌሊት ሲጮህ ራሱ ሰምቶታል። ከዚያ «በል እንግዲህ ያዝልኝ» ይላል። ጥበቃ ማለት ለእኔ በአብዛኛው ይህ ንግግር ነው። ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ባሌ ላይ ቀበሮዎቹን ራሳቸውን የሚከትቡበት መንገድ ተጀምሯል። ክትባቱን በፍየል ሥጋ ውስጥ ከተው ሌሊት በፈረስም በእግርም እየዞሩ ይጥሉላቸዋል።

አንቺ ኦሮምኛ ትችያለሽ ብዬ እገምታለሁ፣ የቡራዩ ልጅ አይደለሽ? ያ ከዲግሪሽ እኩል ዋጋ አለው። ሁለት ሺህ ዶላር ከፍሎ የመጣ ፈረንጅ ሆለታ ገጠር ውስጥ ከአንዲት እናት ጋር ስለ ጥጃዋ ማውራት አይችልም። አንቺ ትችያለሽ።

እዚሁ እኛ ጋ ስላለው ስለ ጅብ ደግሞ። መናገሻና ሰበታ ላይ ማታ ማታ ጅብ የማይጮህበት ቀን የለም። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ትግራይ ውስጥ የተሠራ ጥናት አለ። ተመራማሪዎቹ የጅብ ዓይነ ምድር እየለቀሙ፣ በውስጡ የቀረውን ፀጉር በማይክሮስኮፕ እያዩ ጅቡ ምን እንደበላ ለዩ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሥጋ ቤት ይዘጋል፣ ቅሪትም ይጠፋል። በዚያ ወቅት የተለቀመው ዓይነ ምድር ውስጥ የአህያ ፀጉር ጨመረ። ጾሙ ሲፈታ ቀነሰ። እኔ ይህን ካነበብኩ ጀምሮ የሁዳዴ ዋዜማ ላይ አህያ ያላቸውን ደንበኞቼን በረታቸውን አጠናክሩ እላቸዋለሁ። አጥር በእሾህ ማጠር፣ አህያን ሜዳ ላይ አስሮ አለማሳደር፤ ሌላ ተአምር የለውም። አንድ አህያ ለጎማ ጋሪ ነጂ የቤተሰቡ እንጀራ ነው። አህያው ሲበላበት በማግስቱ ሥጋ ላይ መርዝ ነስንሶ ያስቀምጣል። መርዙን ጅቡ ብቻ አይበላውም።

ጥንብ አንሳ አሞራ ይበላዋል። አሞራ በመንጋ ነው የሚወርደው፣ በአንድ በድን ዙሪያ በደርዘን ይሞታል። የሚጥለው ደግሞ አንድ እንቁላል ነው፤ የሞተው ቶሎ አይተካም። በ2015 እ.ኤ.አ. አራት የአፍሪካ ጥንብ አንሳ ዝርያዎች ለመጥፋት እጅግ የተቃረቡ ተብለው ተመድበዋል። ከአራቱ አንዷ ቄራ ዙሪያ ስታንዣብብ በየቀኑ የምናያት ትንሿ ናት። በየቀኑ ስለምናያት የምትጠፋ አትመስለንም። በሕንድም እንዲሁ ነበር። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ዲክሎፌናክ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ለከብት ይወጉ ነበር። ከብቱ ሲሞት በድኑን የበላ አሞራ ኩላሊቱ ይሞታል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከመቶ ከዘጠና አምስት በላይ የሚሆኑት አለቁ። ሕንድ መድኃኒቱን ለእንስሳት የከለከለችው በ2006 እ.ኤ.አ. ነው። እኔ ለከብት ዲክሎፌናክ አልወጋም። ሜሎክሲካም የሚባል ሌላ ማስታገሻ አለ፣ አሞራን አይጎዳም። ለባልደረቦቼም ሁሉ ይህን እናገራለሁ፤ እዚህ የምጽፈውም ከአንባቢዎቹ መካከል የእንስሳት ሐኪም ካለ ብዬ ነው።

ከዚህ ሁሉ የምልሽ፣ ሥራው ደጅሽ ላይ ነው። ሰኞ ከሰዓት የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ቢሮ ሄደሽ ማንነትሽን፣ ምን እንደተማርሽ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደምትችዪ የያዘ አንድ ገጽ ማመልከቻ አስገቢ። ለሆለታውም እንዲሁ ጻፊ። መልስ ከዘገየ በአካል ሂጂ።

ገፈርሳ ዳር

ወንድሜ ወጨጫ ሥር ብዙውን ብሎታል፤ እኔ ስለ ወፍ ልጨምር።

እህት፣ ለቡራዩ ልጅ ከገፈርሳ ግድብ የተሻለ ትምህርት ቤት የለም። በታክሲ ትንሽ መንገድ ነው። ጠዋት ብትሄጂ ሰማያዊ ክንፍ ያለውን ዝይ ታገኚዋለሽ፣ ከኢትዮጵያ ውጪ የትም አገር የለም። እዚያው ሜዳው ላይ ሣር እየጋጠ ይሄዳል። ከጥቅምት በኋላ ደግሞ ከአውሮፓና ከእስያ ክረምት ሸሽተው የመጡ ዳክዬዎች ይሞሉታል። ማስታወሻ ደብተር ያዢ። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ የወፉ ዓይነት፣ ብዛት። ያላወቅሽውን «አላወቅሁትም» ብለሽ ጻፊ፤ ከመገመት ይሻላል። ስልክሽ ላይ ኢበርድ የሚባለውን መተግበሪያ ጫኚና እዚያ አስገቢው። በነፃ ነው፣ ተመራማሪዎችም ይጠቀሙበታል። የእኛ አገር ወፎች መረጃ አብዛኛው በጎብኚ የተጻፈ ነው፤ ጎብኚ ደግሞ ሐምሌ ላይ አይመጣም። እዚህ የሚኖር ሰው ዓመቱን ሙሉ ቢመዘግብ ያ ትልቅ ነገር ነው።

ጥር ሲመጣ በብዙ አገሮች በአንድ ወቅት የውኃ ወፎች ይቆጠራሉ። ይህ ቆጠራ ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው። በእኛም አገር ይካሄዳል። በ1966 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ የዱር አራዊትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር አዲስ አበባ ውስጥ አለ። አባል ሁኚ። መቁጠር የሚችል ሰው ሁልጊዜ ይፈለጋል። መንጋን በአሥር በአሥር እየከፈሉ መቁጠር እዚያው ከልምድ ካላቸው ሰዎች ትማሪያለሽ።

ከሆለታ አለፍ ብሎ ደግሞ በርጋ የሚባል ረግረግ ሜዳ አለ። እዚያ በክረምት የምትራባ ከጫጩት የማትበልጥ ነጭ ክንፍ ያላት ወፍ አለች። ፈረንጆቹ ፍላፍቴል ይሏታል። ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት መካከል ናት። በ2018 እ.ኤ.አ. ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ስትራባ እስክትገኝ ድረስ የመራቢያ ቦታዋ ሆኖ የሚታወቀው የኢትዮጵያ ረግረግ ብቻ ነበር። የበርጋ ገበሬዎች በመራቢያዋ ወራት ከብት ከሣሩ ውስጥ እንዳይገባ ይከላከላሉ። ከብት ያለው ሰው ግጦሹን ትቶላታል ማለት ነው፤ እኔ ይህን በጣም አከብራለሁ። ለማየት ብለሽ በክረምት ሣሩን እየረገጥሽ እንዳትገቢ አደራ። ጎጆዋ መሬት ላይ ነው። መርዳት ከፈለግሽ ከገበሬዎቹ ጋር በሚሠሩት ሰዎች በኩል ነው።

ከሱሉልታ

ሁላችሁም ጥሩ ብላችኋል። ግን አንድ ነገር ዝም ልል አልችልም። በነፃ መሥራት የተደላደለ ቤት ላለው ልጅ ነው። እኔ አንድ ቦታ ለብዙ ወራት በበጎ ፈቃድ ሠርቻለሁ። ታክሲ ከኪሴ፣ ምሳ ከኪሴ። ሲያልቅ የልምድ ወረቀት ስጠይቅ «የቅጥር ሠራተኛ ስላልነበርሽ አንጽፍም» አሉኝ። እንስሳቱን እወዳቸዋለሁ፤ አሁንም እወዳቸዋለሁ። የእህታችን እናት ሱቅ ግን ጠዋት መከፈት አለበት።

ወጨጫ ሥር

ከሱሉልታ፣ ልክ ነሽ፤ የደረሰብሽም በጣም አሳዝኖኛል። ወረቀት መከልከል ነውር ነው።

ለዚህ ነው ከመጀመሩ በፊት በጽሑፍ መስማማት የሚያስፈልገው። የቡራዩዋ፣ ስትገቢ አራት ነገር ጠይቂ፤ የትራንስፖርትና የምሳ ይሸፈናል ወይ? በሳምንት ስንት ቀን ነው? ኃላፊዬ ማነው? ስጨርስ የሠራሁትን ሥራ የሚዘረዝር ደብዳቤ ይሰጠኛል ወይ? እነዚህን መጠየቅ ስስት አይደለም። ምላሹ «በኋላ እናያለን» ከሆነ ሌላ ቦታ ሞክሪ። ደግሞ ሁለት ሦስት ወር ብለሽ ገደብ አበጂለት። ከዚያ በላይ የሚፈልጉሽ ከሆነ ሥራው የደመወዝ ሥራ ነው ማለት ነው፤ ያንንም በትህትና ንገሪያቸው።

ሱቁንም አትዝጊ። ገፈርሳ ላይ ቅዳሜ ጠዋት ወፍ መቁጠር የማንንም የልምድ ደብዳቤ አይፈልግም። በራስሽ ደብተር የሰበሰብሽው የአንድ ዓመት መዝገብ ለሥራ ቀጣሪ ከምስክር ወረቀት ይበልጣል። እኔ ብቀጥር እሱን ነው የማየው።

የቡራዩዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ለአክስቴ ዛሬ ደውዬ ነገሩን አስረዳኋት። ገንዘቡን ትታ ባይኖኩላር ልላክልሽ አለችኝ፤ እልል ብያለሁ! ኦሮምኛም እችላለሁ፤ አባቴ የሆለታ ሰው ነው።

ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። አባቴ ስለ ውሻ ክትባቱ ሲሰማ ትነከሻለሽ ብሎ ፈራ። ምን ልበለው? ደግሞ መናገሻ ሱባ ጫካ ብቻዬን ብሄድ ችግር አለው?

ወጨጫ ሥር

አባትሽ እውነት አላቸው፣ ፍርሃታቸውን አታቃልዪ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል። ከመታመም በፊት ግን መከላከል ይቻላል። ውሻ የምትይዢ ከሆነ አስቀድመሽ ለሰው የሚሰጠውን መከላከያ ክትባት ተከተቢ። ዘመቻ የሚያዘጋጀው አካል ይህን ካላሟላልሽ ውሻ አትያዢ፤ መዝገብ ጻፊ፤ እሱም ትልቅ ሥራ ነው። ቢነክስሽ ወይም ቁስልሽን ቢልስሽ ወዲያው በሚፈስ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቢው። አልኮል ወይም አዮዲን ቀቢው። ጠበል ብትሄጂም ሂጂ፣ ግን በዚያው ቀን ጤና ተቋም ግቢ። ብትከተቢም ሂጂ። ይህን ቃል በቃል ለአባትሽ ንገሪያቸው፣ ልባቸው ያርፋል።

ሱባ ብቻሽን አትሂጂ። ከሰው የተነሳ እንጂ ከአውሬ አይደለም፤ ደግሞ ጭጋግ ሲወርድ መንገድ ይጠፋል። በር ላይ ተመዝግበሽ አስጎብኚ ያዢ። ጫካው እንደሚነገረው በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን፣ በ15ኛው መቶ ዘመን፣ ከወፍ ዋሻ በመጣ የጥድ ዘር የተተከለ ነው። ወደ ውስጥ ስትገቢ ጥዶቹ ምን ያህል ግዙፍ እንደሆኑ ታያለሽ። ጉሬዛ አለ፣ የምኒልክ ድኩላ አለ። ድኩላው ጠዋት በጣም ቀደም ብለሽ ካልሄድሽ አይታይም። የሽቦ ወጥመድ ካየሽ ራስሽ አትንቀዪው። ቦታውን በስልክሽ ፎቶ አንሺና ለደን ጠባቂው አሳዪ፤ ማን እንዳጠመደው የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

የሚመጣው ቅዳሜ እኔና ሁለት ባልደረቦቼ ወደ ሱባ እንወጣለን። ወንድምሽን ወይም ጓደኛሽን ይዘሽ ነዪ። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መናገሻ ከተማ አስፋልቱ ዳር እንገናኝ። ወፍራም ካልሲ፣ ዝናብ የማያስገባ ጃኬት፣ ደብተርና እርሳስ ያዢ። እስክሪብቶ በእርጥበት አይጽፍም።